በትንሽ ገንዘብ ገበያ መፍጠር፦ ከየት ይጀመራል?

አዲስ ሥራ የከፈተ ሰው ትንሽ ገንዘብ እጁ ሲገባ መጀመሪያ የሚሮጠው ወደ ባነር፣ ወደ ሎጎ ወይም ወደ ፌስቡክ ቡስት (ከፍሎ ፖስትን ለብዙ ሰው ማሳየት) ነው። ገንዘቡ ያልቃል፤ ስልኩ ግን አይጠራም። ከዚያ "ማስታወቂያ አይሠራም" ተብሎ ይደመደማል። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የማስታወቂያው ሳይሆን የቅደም ተከተሉ ነው።

እኔ የምመክረው ቅደም ተከተል ይሄ ነው። መጀመሪያ አንድ ጊዜ ገዝተው የሄዱትን መልሱ። ቀጥሎ እንደናንተ ያለውን ሥራ የሚፈልጉ ሰዎች በቀላሉ እንዲያገኟችሁ አድርጉ። ከዚያ ያገኟችሁ ለሌላ ሰው እንዲናገሩላችሁ መንገዱን ክፈቱ። ከፍሎ ማስተዋወቅ የመጨረሻው ነው። የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ የሚፈልጉት ጊዜና ትኩረት ነው። እነሱ ሳይስተካከሉ የሚከፈልበት ማስታወቂያ ሰውን በአንድ በር አስገብቶ በሌላው ያስወጣዋል።

ለመጀመር ካሜራው ደህና የሆነ ስልክ፣ አንድ ደብተርና በቀን አንድ ሰዓት ያህል ይበቃል።

1. ሥራችሁን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ

"ልብስ እሰፋለሁ" ብሎ የሚያስተዋውቅ ልብስ ሰፊ ምንም አልነገረንም። ልብስ ሰፊ ሁሉ ልብስ ይሰፋል። "ለቢሮ የሚለበስ ሱሪና ጉርድ ቀሚስ በልክ እሰፋለሁ፤ በአምስት ቀን አስረክባለሁ" ያለው ግን ለማን፣ ምን፣ በስንት ጊዜ የሚሉትን ሦስቱንም መለሰ። የሰማው ሰው "ይሄ ለእኔ ነው" ወይም "አይደለም" ብሎ ወዲያው ይወስናል። "አይደለም" ያለውም ቢሆን አልጠፋባችሁም። ጓደኛው የቢሮ ሱሪ ሲፈልግ ማንን እንደሚጠቁም ያውቃል።

ዓረፍተ ነገሩን ግን ብቻችሁን ቁጭ ብላችሁ አትፍጠሩት። ከደንበኞቻችሁ ውሰዱት። በቅርቡ ለገዙ አሥር ሰዎች ደውሉና ሁለት ነገር ጠይቁ። አንዱ፦ "ወደ እኛ ከመምጣትዎ በፊት ምን አስቸግሮዎት ነበር?" ሁለተኛው፦ "ሌላም ቦታ ነበረ፤ እኛን ለምን መረጡ?" መልሱን አታሳምሩት። እንዳሉት አድርጋችሁ ደብተር ላይ አስፍሩት። ከአሥሩ አራቱ "ቀጠሮ ስለምታከብሩ ነው" ካሉ፣ ማስታወቂያችሁ ላይ ቀድሞ መውጣት ያለበት ቀጠሮ ማክበራችሁ ነው። ሰዎች እናንተን የሚያመሰግኑበት ቃል እናንተ ስለራሳችሁ ከምትጽፉት ቃል ሁልጊዜ ይሻላል።

"ጥራት ያለው አገልግሎት በተመጣጣኝ ዋጋ" የሚለውን ተዉት። ሁሉም ስለሚለው ጆሮ አይገባም።

ገና ደንበኛ ከሌላችሁ፣ ያንን ዓይነት አገልግሎት ሌላ ቦታ የሚጠቀሙ ሰዎችን ጠይቁ። "ባለፈው ጊዜ ምን አናደደህ?" የሚለው ጥያቄ ብዙ ያናግራል።

2. መዝገብ ያዙ፣ የገዙትን መልሱ

ከዚህ መመሪያ አንድ ክፍል ብቻ ተግባራዊ የምታደርጉ ከሆነ ይሄኛው ይሁን። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንደሚባለው፣ ብዙ ነጋዴ አዲስ ሰው ፍለጋ ሲባዝን የትናንቱ ደንበኛ ሹልክ ብሎ ይሄድበታል። አንድ ጊዜ የገዛ ሰው እናንተን ያውቃል። ገንዘቡን አምኖ ሰጥቷችኋል። ስልኩም እጃችሁ ላይ አለ። እሱን ለመመለስ የሚያስፈልገው አንድ መልእክት ሊሆን ይችላል።

ደብተሩን አምስት ቦታ ክፈሉት፦ ስም፣ ስልክ፣ ምን ገዛ፣ መቼ ገዛ፣ እንዴት ሰማ። ኮምፒውተር የሚቀናው ጉግል ሺትስ በሚባለው ሠንጠረዥ ላይ ይሥራው፤ ያው ነው። ስልክ ስትቀበሉ "አንዳንድ ጊዜ መልእክት ብልክልዎት ቅር ይልዎታል?" ብላችሁ ፈቃድ ጠይቁ። አልፈልግም ያለ ሰው ስም አጠገብ ምልክት አድርጉና ተዉት። "እንዴት ሰማ" የምትለዋን አምድ ደግሞ እንዳትዘሏት። ኋላ ላይ ጊዜያችሁንና ገንዘባችሁን የት እንደምታውሉ የምትነግራችሁ እሷ ናት።

መልእክቱ ምን ይበል? እስቲ ይህን አንብቡ፦

"ውድ ደንበኞቻችን፣ ታላቅ ቅናሽ አድርገናል! ፈጥነው ይምጡ!"

የደረሰው ሰው ለብዙ ሰው የተበተነ መሆኑ ወዲያው ይገባዋል። ያልፈዋል። አሁን ደግሞ አንድ ስልክ ጠጋኝ የሚልከው እንዲህ ያለ መልእክት አስቡ፦

"ሰላም ወይዘሮ እገሊት፣ ከስልክ ጥገናው ነኝ። ባለፈው ሳምንት ስክሪን የቀየርንልዎት ስልክ እንዴት ሆነ? ንክኪው ካስቸገረዎት ይዘውት ይምጡ፣ ያለ ክፍያ እናየዋለን።"

እዚህ ውስጥ ምንም አልተሸጠም። ስሟ አለ፣ የሠራችሁላት ሥራ አለ፣ ችግር ካለ መፍትሔው አለ። እንዲህ ላለ መልእክት ሰው ዝም ማለት ይከብደዋል። መልሱም ብዙ ጊዜ "የእኔስ ደህና ነው፣ የልጄ ስልክ ግን ባትሪው አልይዝ ብሏል" ዓይነት ነው። ችግር ቢኖር እንኳ ለሰፈር ከመወራቱ በፊት እናንተ ቀድማችሁ ሰማችሁት።

የመጀመሪያውን መልእክት ከሽያጩ ሦስት ወይም አራት ቀን በኋላ ላኩ። ሁለተኛው እንደ ሥራው ይለያያል። ፀጉር የሚሠራ ደንበኛው ፀጉሩ መቼ እንደሚያድግ ያውቃል። አስጠኚ ፈተና መቼ እንደሚደርስ ያውቃል። ማሽን የሚጠግን ዕቃው መቼ ሰርቪስ እንደሚፈልግ ያውቃል። ያንን ቀን ከስሙ አጠገብ ጻፉና ከመድረሱ ትንሽ ቀደም ብላችሁ አስታውሱት። በቀን ለአምስት ሰው በስም መጻፍ አንድ ሰዓት አይፈጅም።

በጅምላ መላክ ሲያስፈልግ ዋትስአፕ ላይ ብሮድካስት ሊስት አለ። አንድ ሊስት እስከ 256 ሰው ይይዛል። ነገር ግን መልእክቱ የሚደርሰው ቁጥራችሁን ስልኩ ላይ ለመዘገበ ሰው ብቻ ነው። ስለዚህ ሽያጩ እንዳለቀ "ቁጥራችንን ሴቭ ያድርጉት፣ ችግር ከገጠመዎት ይደውሉልን" በሉ። ቴሌግራም ላይ ከሆናችሁ ግሩፕ ሳይሆን ቻናል ክፈቱ። ቻናል የአባላት ቁጥር ገደብ የለበትም፤ አባላቱም እርስ በርስ አይተያዩም። ሰውን ሳትጠይቁ ግሩፕ ውስጥ መጨመር ግን ደንበኛ ከማባረር አይተናነስም።

3. የሚፈልጋችሁ ሰው ያግኛችሁ

አሁን በዚህች ሰዓት የእናንተን ሥራ የሚፈልግ ሰው አለ። ስልኩን አውጥቶ እየፈለገ ነው። እሱ ፊት መቅረብ ካልፈለገ ሰው ፊት ማስታወቂያ ከመደቀን እጅግ ይበልጣል፤ ደግሞም ነፃ ነው።

ጉግል ላይ የንግድ ፕሮፋይል ክፈቱ። ጉግል ማፕ ላይ ሲፈለግ ከስልክ ቁጥርና ከሥራ ሰዓት ጋር የሚወጣው ገጽ ማለት ነው። ጂሜይል ካላችሁ መክፈቱ ቀላል ነው። ስም ላይ ትክክለኛውን የንግድ ስማችሁን ብቻ ጻፉ። "ርካሽ፣ ፈጣን፣ ምርጥ" እያሉ ስም ላይ መለጠፍ የጉግልን ደንብ ይጥሳል፣ ገጹንም ሊያሳግድ ይችላል። የሥራ ዘርፍ ስትመርጡ ጠበብ ያለውን ምረጡ። ሱቅ ሳይኖራችሁ ደንበኛው ዘንድ እየሄዳችሁ የምትሠሩ ከሆነ አድራሻውን ደብቃችሁ የምትሠሩበትን አካባቢ ብቻ ማሳየት ትችላላችሁ። ደንበኛን በአካል የማያገኝ፣ ሙሉ በሙሉ ኦንላይን የሆነ ንግድ ግን ይህን ፕሮፋይል መክፈት አይፈቀድለትም።

ከዚያ ጉግል ንግዱ የእናንተ መሆኑን ያጣራል። ብዙ ጊዜ ቪዲዮ ይጠይቃል፦ መንገዱን፣ በሩን፣ ውስጡን፣ የሥራ ዕቃውን። ቀረጻውን ከመጀመራችሁ በፊት መብራቱን አብሩ፣ ቁልፉን በእጃችሁ ያዙ፣ ታፔላ ካለ ይታይ።

ገጹ ከተከፈተ በኋላ ዋናው ሥራ የደንበኛ አስተያየት፣ ሪቪው የሚባለው ነው። ማንን እንጠይቅ? ደብተሩ አለላችሁ። ለመልእክታችሁ መልስ ለሰጠ ሰው ሁሉ ሊንኩን ላኩና "ሁለት መስመር ቢጽፉልን ሌሎችም እንዲያገኙን ይረዳናል" በሉት። ሪቪውን በገንዘብ ወይም በቅናሽ መግዛት በጉግል ደንብ ክልክል ነው። የተገዛ ምስጋና ደግሞ አነጋገሩ ራሱ ያስታውቃል።

መጥፎ አስተያየት ሲመጣ አትጣሉ። "ሥራው ስለዘገየብዎት ይቅርታ። በዚህ ቁጥር ይደውሉልን፣ እናስተካክለዋለን" ይበቃል። መልሱን የምትጽፉት ለተቆጣው ሰው ብቻ አይደለም። ነገ ገጹን ከፍቶ የሚያነበው አዲስ ሰው ሲቸግረው እንዴት እንደምታስተናግዱት ከዚያች መልስ ላይ ያያል።

4. ፎቶ አንሱ፣ ዋጋ ጻፉ፣ የሚጠቅም ነገር ለጥፉ

ፌስቡክም፣ ኢንስታግራምም፣ ቲክቶክም፣ ቴሌግራምም አንድ ላይ አትጀምሩ። አንድ ምረጡ። የትኛውን? አሁንም አሥሩን ደንበኞች ጠይቁ፤ ማታ ማታ የትኛውን እንደሚከፍቱ ይነግሯችኋል። ሳምንት ሙሉ የሚሠራ አንድ ገጽ ከአራት የተኙ ገጾች ይሻላል።

ፎቶ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ልዩነቱ ትልቅ ነው። በ2009 እ.ኤ.አ. ኤርቢኤንቢ የሚባለው የእንግዳ ማረፊያ ቤት በኢንተርኔት የሚያገናኝ ድርጅት መሥራቾች ኒውዮርክ ውስጥ ቤት የሚያከራዩ ደንበኞቻቸው ለምን እንደማይቀናቸው ሲያዩ ፎቶዎቹ ደብዛዛና አስቀያሚ ሆነው አገኟቸው። ካሜራ ይዘው ቤት ለቤት እየዞሩ ራሳቸው አነሱላቸው። ገቢው ጨመረ። ያኔ እነሱም ገንዘብ አልነበራቸውም።

እናንተ ስልካችሁ ይበቃችኋል። መጀመሪያ የስልኩን ሌንስ በንጹሕ ጨርቅ ጥረጉት፤ የብዙ ፎቶ ጉም የጣት ቅባት ነው። ዕቃውን መስኮት አጠገብ አድርጉት። ብርሃኑ ከጎን ይምጣ እንጂ ከኋላ አይሁን። የጣሪያውን አምፖል አጥፉት፤ የአምፖልና የቀን ብርሃን ሲደባለቅ ቀለሙ ይበላሻል፣ ከዚያ "ፎቶው ላይ ያየሁት ቀለም ይሄ አይደለም" የሚል ጭቅጭቅ ይመጣል። ፀሐዩ በቀጥታ ከገባ ስስ ነጭ መጋረጃ ጋርዱበት። ከጀርባው ወጣ ገባ ያለ ዕቃ አይታይ። ዙም አታድርጉ፣ ተጠጉ። ለአንድ ዕቃ አምስት ፎቶ አንሱ፦ ሙሉውን፣ ከቅርብ፣ መጠኑ እንዲታወቅ በእጅ ተይዞ፣ ሰው ሲጠቀምበት፣ እንከን ካለው ደግሞ እንከኑን። የመጨረሻው ያስፈራል፤ ግን እንከኑን ቀድሞ ያሳየ ሻጭ ይታመናል።

የአገልግሎት ሥራ ከሆነ ከመሠራቱ በፊትና ከተሠራ በኋላ ያለውን፣ ከአንድ ቦታና ከአንድ ማዕዘን አንሱ። የሰው ፊት ካለበት ፈቃድ ጠይቁ።

ዋጋ ጻፉ። "ለዋጋ በውስጥ መስመር" የሚለውን ልማድ ብትተዉት ደስ ይለኛል። ለመጠየቅ የሚያፍር፣ ጊዜ የሌለው፣ "ውድ ሊሆን ነው" ብሎ የሚጠረጥር ሁሉ ሳይጠይቅ ያልፋል። ዋጋው እንደ ሥራው የሚለያይ ከሆነ "ከዚህ ጀምሮ" በሉና ምን ሲጨመር እንደሚጨምር አስረዱ።

"ግዙ፣ ግዙ" ከማለት ሌላ ምን ይለጠፋል? ደንበኛ ደጋግሞ የሚጠይቃችሁን አሥር ጥያቄ ጻፉ። እያንዳንዱ መልስ አንድ ፖስት ነው። ባትሪ ቶሎ እንዳይሞት ምን ይደረግ? ይህ ጨርቅ ሲታጠብ ይሸበሸባል ወይ? ልጄ ሒሳብ የሚፈራው ለምንድን ነው? ይህ ዘዴ አዲስ አይደለም። ጎማ ሠሪው ሚሽላን በ1900 እ.ኤ.አ. ለመኪና ነጂዎች መመሪያ አሳትሞ በነፃ ያድል ነበር። የጎማ አቀያየር፣ ካርታ፣ ነዳጅ የሚገኝበት፣ የሚታደርበት ቦታ ይዟል። ያኔ ፈረንሳይ ውስጥ የነበሩት መኪኖች 3,000 አይሞሉም። ሰው በመኪና ብዙ ሲጓዝ ጎማው ቶሎ ያልቃል፤ መመሪያው መጓዝን አቀለለ። እናንተም ደንበኛችሁ የያዘውን ዕቃ በደንብ እንዲጠቀምበት ስትረዱት የሚያስፈልገው ቀጣይ ነገር ከእናንተ ዘንድ ይሆናል።

በሳምንት ሦስት ፖስት ይበቃል። እሑድ ቁጭ ብላችሁ ሦስቱንም አዘጋጁና ቀኑን ሞልታችሁ ተዉት። ቴሌግራምም የፌስቡክ ገጽም ቀጠሮ ይዘው በራሳቸው ይለጥፉላችኋል።

5. ደንበኛ ደንበኛ እንዲያመጣ

ድሮፕቦክስ የሚባለው ፋይል ማስቀመጫ ሲጀምር የሚከፈልበት ማስታወቂያ ሞክሮ አላዋጣው አለ። ከዚያ አንድ ነገር አደረገ። ጓደኛውን ለጋበዘ 250 ሜጋባይት ተጨማሪ ቦታ፣ ለተጋባዡም እንዲሁ 250 ሰጠ። በመስከረም 2008 እ.ኤ.አ. 100,000 የነበሩት ተጠቃሚዎች በጥር 2010 እ.ኤ.አ. 4 ሚሊዮን ደረሱ።

ከዚህ ሁለት ነገር ውሰዱ። አንደኛ፣ ሁለቱም ያገኛሉ። ጋባዡ ብቻ የሚጠቀም ከሆነ ጓደኛውን የሸጠው ይመስለዋልና ያፍራል። ሁለተኛ፣ የሚሰጠው ነገር ለሰጪው ርካሽ፣ ለተቀባዩ ግን ዋጋ ያለው ነው። ልብስ ሰፊ ቁልፍና ዚፕ በነፃ ይቀይራል። ስልክ ጠጋኝ የስክሪን መከላከያ ይለጥፋል። አስጠኚ አንድ ተጨማሪ ክፍለ ጊዜ ይሰጣል። ጥሬ ገንዘብ አያስፈልግም።

የሚጠየቅበት ሰዓትም አለ። ደንበኛው ሥራውን አይቶ ፊቱ የበራበት ደቂቃ ነው፣ ሒሳብ እየከፈለ ያለበት አይደለም። "ሰው ላኩልን" ብላችሁ አትለፉት፤ ማን እንደሆነ አይመጣለትም። "መሥሪያ ቤትዎ ውስጥ ሱሪ በልክ ማሰፋት የሚፈልግ ሰው አለ?" ብትሉ አንድ ፊት ትዝ ይለዋል። ሁለት ካርድ ስጡት፤ አንዱ ለእሱ፣ አንዱ ለዚያ ሰው። ካርዱ ጀርባ ላይ የላኪውን ስም በእስክሪብቶ ጻፉ። ካርዱ ተመልሶ ሲመጣ ማንን እንደምታመሰግኑ ታውቃላችሁ። አመስግኑትም፤ በዚያው ቀን ደውሉለት።

ከዚሁ ጋር፣ ደንበኛችሁ ወደ እናንተ ከመምጣቱ በፊት ወይም ከሄደ በኋላ የት እንደሚሄድ አስቡ። ለሠርግ ልብስ የሚያሰፋ ሰው ፎቶ አንሺ ይፈልጋል፤ ፎቶ አንሺው ፀጉር ሠሪ ያውቃል። የማትፎካከሯቸው፣ ግን ደንበኛ የምትጋሯቸው ሁለት ወይም ሦስት ሰዎች ፈልጋችሁ ተጠቋቆሙ። ሥራቸውን ሳታዩ ግን ለማንም አትጠቁሙ። የእሱ ጥፋት የእናንተም ጥፋት ሆኖ ይቆጠራል።

6. መክፈል ከመጀመራችሁ በፊት መልስ መስጠት

በማስታወቂያ የመጣ ሰው ትዕግሥት የለውም። ለሦስት ሻጭ ይጽፋል፤ ቀድሞ ከመለሰለት ጋር ይቀጥላል። ዋትስአፕ ቢዝነስ የሚባለውን ነፃ መተግበሪያ አውርዱ። የምርት ካታሎግ፣ ለተደጋጋሚ ጥያቄ የተዘጋጀ ፈጣን መልስ፣ ከሥራ ሰዓት ውጪ በራሱ የሚላክ መልእክት አለው። ያ መልእክት ደግሞ "እናመሰግናለን" ብሎ አይብቃ። "ነገ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት በፊት እመልስልዎታለሁ" ይበል፤ የተባለውም ይፈጸም።

7. አሁን ክፈሉ፣ ግን በትንሹ

እዚህ ስትደርሱ ብዙ ላይክ ያገኘውን ሳይሆን ሰዎች "እንዴት ላግኛችሁ?" ብለው የጠየቁበትን ፖስት ምረጡ። ፌስቡክ ላይ ግቡን ስትመርጡ ላይክ ወይም ዕይታ አትበሉ፤ "መልእክት" በሉ። ወደ እናንተ ሊመጣ በሚችል ሰው አካባቢ ብቻ አጥሩት። ፈጽሞ ወደ እናንተ ሊመጣ የማይችል ሰው የሚሰጠው ላይክ ላም አለኝ በሰማይ ነው። ተከታይ መግዛትም እንደዚያው፤ የተገዛ ተከታይ አይገዛም።

ቢጠፋ የማያስለቅስ ገንዘብ መድቡ። በሁለት ከፍላችሁ ሁለት ማስታወቂያ ሞክሩ። በሁለቱ መካከል አንድ ነገር ብቻ ይለያይ፤ ወይ ፎቶው፣ ወይ የመጀመሪያው መስመር። ሁለቱንም ከቀየራችሁ የቱ እንደሠራ አታውቁም። ለሳምንት ያህል ነካ ነካ ሳታደርጉ ተዉት።

ከዚያ ሒሳቡን ሥሩ። ያወጣችሁት 600 ብር ቢሆንና በዚያ ምክንያት የገዙ ሰዎች 12 ቢሆኑ አንድ ደንበኛ 50 ብር ፈጅቷል። ከአንድ ሽያጭ ወጪው ሁሉ ተቀንሶ የሚቀርላችሁ 30 ከሆነ በእያንዳንዱ ሰው 20 ከስራችኋል። ደንበኛው በአማካይ በዓመት ሦስት ጊዜ የሚገዛ ከሆነ ግን 90 ነው የሚያስገኘው፤ አዋጥቷችኋል። ስንት ጊዜ መግዛቱን ከየት ታውቃላችሁ? ከደብተሩ። ያለ መዝገብ ማስታወቂያ የሚከፍል ሰው ማትረፉንም መክሰሩንም የሚያውቅበት መንገድ የለውም።

በየወሩ መጨረሻ "እንዴት ሰማ" የሚለውን አምድ ቁጠሩ። ስንቱ በሰው ተልኮ? ስንቱ ከጉግል? ስንቱ ከፖስት? ስንቱ በክፍያ? ብዙ ሰው ላመጣው በሚቀጥለው ወር ሰዓት ጨምሩለት። ሁለት ወር ተከታትሎ አንድም ሰው ያላመጣ ገጽ ካለ መለጠፉን አቁሙ። ስትተዉት ግን ዝም ብላችሁ አትሂዱ፤ ከላይ "አሁን የምንገኘው እዚህ ነው" የሚል ፖስት ከስልክ ቁጥር ጋር ፒን አድርጉበት።